ስለ ልባችን ለአባቴ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እዚህ ሜሪላንድ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ ትቼ ደብዳቤ የመረጥኩት ጉዳዩ ረጋ ተብሎ መነበብ ስላለበት ነው። በስልክ የእርስዎን ጤና ባነሳሁ ቁጥር «አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ፤ እኔ ምን አለብኝ» ብለው ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ ሰብሉ ይወስዱታል። አሁን ግን የእርስዎ ልብና የእኔ ልብ ጉዳይ አንድ ሆኗል።

የልብ ምርመራዬ ተጠናቋል። ሕመሙ ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ይባላል፤ የደም ግፊትም የቫልቭ ጥበትም ሳይኖር የልብ ጡንቻ የሚወፍርበት በሽታ ነው። ሐኪሟ በአልትራሳውንዱ ላይ ግራና ቀኝ ልብን የሚለየውን ግድግዳ በጣቷ እየተከተለች አሳየችኝ። በጤነኛ ሰው ከ12 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ የእኔ 21 ነው። የደም ምርመራው ደግሞ በዘር የመጣ መሆኑን አረጋግጧል። ከ500 ሰዎች አንዱ ላይ እንደሚገኝ ስለሚገመት ብርቅ አይደለም። ዘረመሉን የያዘ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍና ያለማስተላለፍ ዕድሉ እኩል ነው፤ ወንድ ሴት አይልም። እባክዎ «እኔ ነኝ ያመጣሁብህ» እንዳይሉ። ቁመቴንም ድምፄንም የወሰድኩት ከእርስዎ ነው።

ነፍሷን ይማርና በእናታችን ወገን እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም። በእርስዎ ወገን ግን አጎቴ አለ። ገና ጎረምሳ ሳለ አውድማ ላይ በሬ ሲነዳ በግንባሩ ተደፍቶ እንደቀረ ነግረውናል። መንደሩ «ቡዳ በላው» ብሎ ሸክላ ሠሪዋን ጎረቤታችንን ከቀዬው አባረራት። እርስዎ ያኔም አላመኑም ነበር። እኔ ዛሬ የማምነው አጎቴን የገደለው ይኸው ሕመም እንደሆነ ነው። የዚያች ሴት ልጆች በሕይወት ካሉ ይህን ሊሰሙ ይገባል እላለሁ፤ መንገዱን እርስዎ ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ በሽታ የጡንቻው ክሮች ሥርዓት ይዘው አይደረደሩም፤ እንደ ተናደ የነዶ ክምር ይመሰቃቀላሉ፣ በመካከላቸውም ጠባሳ ይፈጠራል። ልብን የሚያስመታው ኤሌክትሪክ እዚያ ሲደርስ መንገዱን ስቶ በክብ መዞር ይጀምራል። የታችኛው የልብ ክፍል ደም መርጨቱን ትቶ ሲንቀጠቀጥ ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ካሜሩናዊው የእግር ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎዬ ሰኔ 1995 ዓ.ም. ፈረንሳይ ሊዮን ላይ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወቱ ማንም ሳይነካው የወደቀውን ያስታውሳሉ? አስከሬኑ ሲመረመር የተገኘው ይኸው የጡንቻ መወፈር ነበር፤ ገና 28 ዓመቱ ነበር።

ሁሉም ታማሚ ግን እንዲህ አይሆንም፤ አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። ሐኪሞቹ የሚለፉት አደጋው የሚያሰጋውን ለይቶ ለማወቅ ነው። ግድግዳው 30 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ያስፈራቸዋል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ራስን መሳት፣ በተለይ በቅርቡ ከሆነ፣ ትልቅ ምልክት ነው። ሆልተር የሚባለውን መሣሪያ ደረቴ ላይ ለጥፈው የሚፈልጉት ከታችኛው ክፍል ተነስተው በተከታታይ የሚመቱ ፈጣን ምቶችን ነው። ኤምአርአይ የሚባለው የምስል ምርመራ ጠባሳው ምን ያህል እንደተስፋፋ ያሳያል። ከዚህ ሁሉ ጋር ደጋግመው የሚጠይቁኝ 50 ዓመት ሳይሞላው በድንገት የሞተ የቅርብ ዘመድ መኖሩን ነው። ምቱ ሲዛባ በኤሌክትሪክ የሚመልሰው ዲፊብሪሌተር ደረቴ ውስጥ ይቀበር ወይስ ይቆይ የሚለው ውሳኔ በአጎቴ አሟሟት ላይም ይመሠረታል።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ስድሳን ላለፈ ሰው የድንገተኛ ሞት ስጋቱ ከወጣቱ በጣም ያነሰ ነው፤ ይህ ትልቅ ምሥራች ነው። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ባለፈው ፋሲካ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጋቢዎን የሚያስተካክሉ መስለው ሲያርፉ አይቻለሁ፤ መዳፍዎ ደረትዎ ላይ ነበር። «ልቤ ትርበተበትብኛለች፤ ጨጓራዬ ነው» አሉኝ። ጡንቻው የደነደነ ልብ የላይኛውን ክፍል ስለሚወጥረው፣ ያ ክፍል ከዕድሜ ጋር እየሰፋ ምቱ ሥርዓት ያጣል፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት ነው። በዚህ በሽታ ከተያዙ አምስት ሰዎች አንዱ ገደማ ያገኘዋል። ደሙ እዚያ ረግቶ ይቋጠርና ወደ አንጎል ሄዶ ግማሽ አካልን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ቶሎ ከተገኘ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሰዋል። የደም ግፊት፣ መጠጥ፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ ያባብሱታል። ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ ጸጥ እያለ እንደሚያስደነግጣት እህቴ ነግራኛለችና ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

በጾሙ እንዳይቆጡኝ። ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ደሙን ያሳንሰዋል፤ ግድግዳው ወፍሮ ደም መውጫው ለጠበበ ልብ ደግሞ ይህ አደገኛ ነው። የንስሐ አባትዎን ያማክሩልኝ፤ ለታመመ ሰው የሚፈቅዱትን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚያዝልዎ ሐኪም ቢኖርም ስለ ቤተሰባችን ሳይነግሩት እንዳይጀምሩ።

እህቴ አዲስ አበባ ስትሄድ አብረዋት ሄደው የልብ ሐኪም ያይዎት። ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት የሚያሳየውን ምርመራ)፣ የልብ አልትራሳውንድና ሆልተር ይጠይቁ፤ እሷም ልጆቿም ይታዩ። በአገራችን የልብ ሕመም ሲባል ቶሎ የሚታሰበው በጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው ሩማቲክ ስለሆነ «ልጄ ላይ በዘር የሚተላለፍ የልብ ጡንቻ መወፈር ተገኝቷል» ብለው አስቀድመው ይናገሩ። የሐኪሜን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ስለ አጎቴ የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ፤ ዕድሜውን፣ ከዚያ በፊት ወድቆ ያውቅ እንደነበር፣ ያን ቀን ሲሮጥ ይሁን ቆሞ ሳለ። አያቴስ እንዴት አረፈች? ቀጠሮዬ ከመስቀል በኋላ ስለሆነ መልስዎ ቀድሞ ቢደርሰኝ ለሐኪሟ ይዤው እገባለሁ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ