ለቅዳሜው የጢያ ጉዞ፣ ለሁላችሁም

እንዴት ናችሁ ወገኖቼ፣ ባለፈው የቢሾፍቱው ጉዞ ሆራ ዳር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ የተጨዋወትነው አሁንም ከልቤ አልወጣም፣ እና ቃል በገባነው መሠረት ቅዳሜ በቡታጅራ መንገድ ጢያ እንሄዳለን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መስቀል አደባባይ እንገናኝ፣ ሚኒባሱ ተይዟል።

መጀመሪያ መልካ ቁንጥሬ እንወርዳለን፣ እዛ አዋሽ ዳር የጥንት ሰው ከባልጭት (እንደ መስታወት ከሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ) የጠረባቸውን መሣሪያዎች ታያላችሁ፣ ቦታው በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ሲመዘገብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ከዛ አዳዲ ማርያም፣ ከአለት የተፈለፈለች ስለሆነች ወደታች ነው የሚገባው፣ ደረጃው ጉልበት ስለሚይዝ ምርኩዝ ያላችሁ ያዙ፣ ነጠላም አትርሱ፣ ጫማ ይወልቃል።

ጢያ ላይ ግን ሳንቸኩል እንቆያለን። 36 ትክል ድንጋዮች ናቸው፣ 32ቱ ላይ ቅርጽ አለ፣ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፣ አንዳንዱ ላይ ሰይፉን መቁጠር ትችላላችሁ፣ ከድንጋዮቹ ሥር ደግሞ መቃብር ነው የተገኘው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ቢሮ ተቀምጬ እዚህ ቅርብ ያለውን ሳላይ መቅረቴ ሁሌ ይቆጨኛል፣ ለዛ ነው እንዲህ የምወተውታችሁ።

ምሳ ከየቤታችን፣ እትዬ ድፎ ዳቦውን ይዘው ይመጣሉ፣ ጋሼ ደግሞ ቆሎ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን እባካችሁ ያዙ፣ ኮፍያና ውሃም። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ ደውሉልኝ።