ስምሽን በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፊ

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎታል። እህትሽ ትናንት ደውላ ለመልሱ የምትመጪበት ትኬት በባልሽ ስም ተቆርጧል አለችኝ። ፓስፖርትሽ ግን ገና በአባትሽ ስም ነው። ትኬትና ፓስፖርት ካልተመሳሰሉ ከኤርፖርት ይመልሱሻል። ዛሬውኑ አስተካክይ።

የልጁን፣ የባልሽን፣ የቤተሰብ ስም በጽሑፍ ሳየው "ቾልሞንደሌይ" ብዬ ነው ያነበብኩት። ለካስ "ቸምሊ" ነው የሚባለው! በእንግሊዝኛ 12 ፊደል ይጻፋል፣ ሲጠራ ግማሹ ይዋጣል። እንግሊዞቹ ዘንድ ይሄ የተለመደ ነው። "ፌዘርስተንሆ" ተብሎ የሚነበብ የሚመስለውን ስም "ፋንሾ" ብለው የሚጠሩም አሉ። የሰው አንደበት እያሳጠረው ሄዶ ጽሕፈቱ ባለበት ቀርቶ ነው።

ትርጉሙን ግን ወደድኩት። እንግሊዝ አገር ቼሻየር በሚባል አውራጃ ውስጥ ያለ የቦታ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1086 በተደረገው የንጉሡ የመሬት ምዝገባ ላይ ሰፍሯል። ቼኦልሙንድ የሚባል ሰው መሬት፣ ጫካ ተመንጥሮ የተገኘ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው "ሊ" ምንጣሮዋ ናት። እንግዲህ እነሱም ከሥሩ ሲታይ የሚጠሩት በአንድ ሰው ስም ነው። ቦታው የሰውየውን ስም ያዘ፣ ቤተሰቡ ደግሞ የቦታውን።

ስሙ ለእኛም ሰፈር እንግዳ አይደለም። ሎርድ ዴላሜር የሚባለው፣ ኬንያ ውስጥ የነጭ ሰፋሪዎች መሪ የነበረው ሰው፣ የቤተሰብ ስሙ ይሄው ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ከሶማሌ ምድር ተነስቶ በደቡብ ኢትዮጵያ በኩል ነው ኬንያ የገባው። ናይሮቢ ውስጥ በእሱ ስም ይጠራ የነበረው ጎዳና ከነጻነት በኋላ የኬንያታ ተባለ። ልጁ ከዚያ ቤት ይዛመድ እንደሆነ ጠይቂው። ቢዛመድም እኔ በአያቶቹ ሥራ አልይዘውም። አጎትሽ ግን ናይሮቢ ኖሮ የመጣ ሰው ነው፣ መጠየቁ አይቀርም። መልስ ይኑርሽ።

እኔ አባትሽን ሳገባ ስሜን አልቀየርኩም፤ ቀይሪ ያለኝም የለም። እንግሊዝ አገርም ቢሆን ግዴታ የለበትም። ጋብቻ ብቻውን ስም አይቀይርም። የባሏን የምትወስድ አለች፣ የራሷን የምታስቀር አለች፣ ሁለቱን በሰረዝ የሚያያይዙም አሉ። የአባትሽ ስም ባይወጣብኝ ደስታዬ ነው፤ ይሄን አልደብቅሽም። ምርጫው ግን ያንቺ ነው። የመረጥሽውን ብቻ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ፊደል ጻፊው።

አባትሽ ሲሞት የሆነውን አታስታውሽም፣ ገና እንጭጭ ነበርሽ። መሥሪያ ቤቱ ፋይል ላይ የአባቱ ስም "ገብረ ጊዮርጊስ" ነው። መታወቂያው ላይ ጸሐፊው "ገብሬ" ብሎ አሳጥሮታል። በዚህች ምክንያት ጡረታው ታገደ። ከል እንደለበስኩ ፍርድ ቤት ተመላለስኩ። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው ብለው ምስክሮች ቆሙልኝ። ቀጠሮው ደግሞ በአርባው ዕለት ዋለ። ቤት ውስጥ ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱለት፣ ሰው ሲበላለት፣ እኔ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ፋይል ታቅፌ ተቀምጬ ነበር። ስሜ እስኪጠራ። ማታ ስመለስ ድንኳኑ ፈርሶ አክስትሽ ዕቃ ታጥባለች። ስንት ዓመት አለፈው፣ አሁንም ያንገበግበኛል።

ለዚህ ነው የምነዘንዝሽ። በአንድ ፊደል!

የጋብቻ ወረቀታችሁን እዚህ ስታስተረጉሙ የእኛ ሰው በአማርኛ የሚጽፈው እንደሚሰማው ነው፤ "ቸምሊ" ይላል። ነገ ሌላ ተርጓሚ ያንን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው እንደ ሰማው አሳጥሮ ይጽፈዋል። ክፋቱ፣ እንደዚያ ተብሎ የሚጻፍ የቤተሰብ ስምም እዚያ አለ። ሌላ ሰው ሆንሽ ማለት ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ፊት ፓስፖርቱን አስቀምጪ፣ ፊደሉን ከላዩ ይገልብጥ። ከመፈረምሽ በፊት ራስሽ በጣትሽ እየቆጠርሽ አንብቢው።

በርበሬው ተፈጭቷል፣ ሽሮውም ደርሷል። ለልጁ እናት የነጠላዋን ጥለት ቀለም ጠይቀሽ ንገሪኝ፤ ሸማኔው እየጠበቀኝ ነው። ስማቸውንም እሷ ራሷ ስትጠራው በድምፅ ቀድተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ በመልሱ ዕለት እንግዶቹን የማስተዋውቀው እኔ ነኝ።

እናትሽ