ጨዋታውን ተዉልን፣ ቀኑን ጻፉልን

ደሴ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ባለፈው ወር በዚሁ የደብዳቤ ገጽ ላይ አንድ አንባቢ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ሳይቀሩ በዓይን አይተዋቸው ከማያውቁ ሰዎች ጋር በስልክ ሲቀላለዱ መዋላቸውን የሥራ ፈትነት ምልክት አድርገው፣ አሉባልታ የሚነዛውም ከዚሁ ጨዋታ እንደሆነ ገልጸው የጻፉትን ተመልክቻለሁ። ከተወቀሱት አንዱ ስለሆንሁ መልስ መስጠት ይገባኛል። ነገሩን ማንሣቴም ከእናንተ ከአዘጋጆቹ የምጠይቀው አንድ ትንሽ ጉዳይ ስላለኝ ነው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕድሜዬን የጨረስሁት በፖስታ ቤት መስኮት ኋላ ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን ፖስታ የሚደርሰው በሳጥን ቁጥር እንጂ ቤት ለቤት ስላልነበረ፣ የራሱ ሳጥን የሌለው ሰው በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በነጋዴ ጎረቤት ሳጥን በኩል ይላክለት ነበር፤ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም ደብዳቤውን ተቀብለው እዚያው መስኮቱ ሥር ያስነብቡኝ ነበር። ከጅዳም ይምጣ ከቤይሩት፣ ደብዳቤ ሁሉ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደኅና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የገንዘቡ ጉዳይ ይከተላል። በመጨረሻው ሁለት መስመር ላይ ግን ልጁ «የዚያች የቀይ ዶሮ ነገር ከምን ደረሰ? እኔ ሳልመጣ እንዳታርዷት» ብሎ ይጽፍና፣ ገንዘቡን ሰምተው ዝም ያሉት እናት ዶሮዋ ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ደግሜ እንዳነብላቸው የሚጠይቁኝም ያንኑ የዶሮዋን መስመር ነበር። እኚህ አንባቢ ሥራ ፈትነት ያሉት ጨዋታ ለእኔ የዚያ የዶሮ መስመር ታናሽ ወንድም ነው።

አሁን ያለሁበት የቴሌግራም ግሩፕ መቶ የማንሞላ ሰዎች የምንገኝበት ሲሆን፣ አብዛኞቻችን ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ባቲና ደላንታ ያለን ወይም ከዚያ ተነሥተን ዓረብ አገርና አሜሪካ የደረስን ነን። እውነተኛ ስሙን የሚጠቀም ጥቂት ነው። በደሴ ራስጌ በቆመው ተራራ ስም «ጦሳ ራስጌዬ» የሚባል አለ፤ «የቦርከና ውሃ» የሚባልም አለ፤ እኔን ወጣቶቹ «ጋሼ ፖስታ» ይሉኛል፣ አንቱታውንም አያጓድሉም። ዋናው ክርክራችን የደሴና የኮምቦልቻ ነው። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኙ፣ የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ ወርዶ የጨረሰ ሰው ጋቢውን አጣጥፎ ሸሚዙን መክፈት ይጀምራል። ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር ከኮምቦልቻ እንዲህ የምትል ትመጣለች፦

የጦሳ ጎረቤት በጋቢ ተሸፍኖ፣
ነሐሴን ያልፈዋል ፀሐይን ለምኖ።

የደሴው ሰው ደግሞ እጁን ሳያሟሽ ይመልሳል፦

ኮምቦልቻ ወረድኩኝ ፀሐይ ልሞቅ ብዬ፣
ሌሊቱ ነጋብኝ ከወባ ታግዬ።

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ቀን በመግባታቸው ሁለቱ ጾሞች ወሩን ሙሉ አብረው ሲሄዱ፣ ጨዋታው ሁሉ ወደ ማዕድ ዞሮ ነበር። ሙስሊሞቹ ፀሐይ ስትጠልቅ የሳምቡሳና የሾርባ ፎቶግራፍ ይለጥፋሉ፤ ከእኛ ወገን አንዷ «የእናንተ ጾም ማታ ማታ ያልቃል፣ የእኛ 55 ቀን ሙሉ ቅቤ አይነካውም» ብላ ብትጽፍ፣ ከባቲ «እትዬ፣ ቅቤው ይቅርብን፣ በዚህ በባቲ ሙቀት ቀን ቀን ውሃ የሚፈቅድ ጾም ካላችሁ እኛም እንመዝገብ» የሚል መልስ መጣላት። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት ያለበት ቤተ ዘመድ ብርቅ ስላልሆነ እንዲህ ያለውን ተረብ ያደግንበት ነው፤ የሚቀየም አልነበረም።

ተረብ የሚያምረው ግን አሳዳሪ ሲኖረው መሆኑን አልክድም። እናቴ ቡና ስታፈላ አቦሉ ላይ የሰፈር ወሬ ይነሣል፣ ቶናው ላይ ተረቡ ይጀመራል፣ ነገር የሚከረው አብዛኛውን ጊዜ በረካው ላይ ነበር። የአንዱ ፊት ሲለዋወጥ ካየች ምንም ሳትናገር ከሰሉ ላይ ዕጣን ትጨምርና ማጨሻውን አንሥታ በሁለቱ ተከራካሪዎች መካከል ታስቀምጠዋለች፤ ሁለቱም ዓይናቸውን እያሹ ቢያንስ ለአፍታ ዝም ይላሉ። በእኛም ግሩፕ ይህን ሥራ የያዙ አንዲት እናት አሉ። ነገር ሲጋጋል የጀበና ፎቶግራፍ ይልካሉ፤ ሌላ ቃል አይጨምሩም፤ እኛም «ጀበናው ወረደ» ተባብለን ርእስ እንለውጣለን።

ከኮምቦልቻዎቹ አንዱ ደግሞ የባቡር ነገር ሕመሙ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የ392 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ይህ ሰው ጠዋት ጠዋት እንደ ሰላምታ «ባቡሩ አልመጣም፣ እኔ ግን አለሁ» ብሎ ይጽፋል። መጀመሪያ ላይ ያስቅ ነበር፤ በኋላ ለመድነውና ማንም የማይመልስለት ሆነ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዝ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠና፣ ውጭ ያሉት ወገኖቻችን ከሳምንት ሳምንት ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ሳያውቁ ሰነበቱ። ኅዳር አልፎ ስልኩ ተመልሶ መሥራት በጀመረ ሰሞን፣ ከኮምቦልቻ ወገን መጀመሪያ የገባው መልእክት «ባቡሩ አልመጣም፣ እኔ ግን አለሁ» የሚለው ነበር። ጅዳ ያለች አንዲት ልጅ ይህን አንብባ የአሠሪዎቿን ወጥ ቤት በለቅሶ እንዳናወጠችው በኋላ ነግራናለች። እኚህ አንባቢ ጨዋታ ለምን ይጠቅማል ብለው ከጠየቁ ያለኝ መልስ ይህ ነው።

ሐሰተኛ ወሬን በተመለከተ ግን ሥጋታቸውን እጋራለሁ፤ የማልስማማው በምንጩ ላይ ነው። እኔ እንደታዘብሁት ችግሩ የሚፈጠረው ነገር ከነበረበት ቦታ ተቆርጦ ሲወጣ ነው። ከላይ የጠቀስኋትን የወባዋን ግጥም አንድ ሰው ለብቻዋ ቆርጦ ወደ ሌላ ግሩፕ ላካት። የጋቢዋ ግጥም አብራት ስላልሄደች፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ኮምቦልቻን ለመስደብ የተጻፈች መስሏቸው ሦስት ቀን ሙሉ ደሴን ሲያብጠለጥሉ ሰነበቱ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጡ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድሪቱ ስትናወጥ፣ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ እኛም ሥጋት አድሮብን ነበር። በ1953 ዓ.ም. በግንቦትና በሰኔ ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ ያለችውን ካራቆሬን የመታው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳፈራረሰና የአሥመራውን አውራ ጎዳና እንደሰነጠቀ ከታላላቆቻችን የሰማን ስለሆንን፣ ነገሩ እኛ አገር አይደርስም ብሎ የሚተኛ አልነበረም። በዚህ መካከል ከውጭ አገር «ዛሬ በ2 ሰዓት ከባድ መንቀጥቀጥ ይኖራል» የሚል መልእክት መጣ። ኮምቦልቻዎቹ ምሽት 2 ሰዓት ነው ብለው ራታቸውን ትተው ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ወጡ። ደሴዎቹ ደግሞ ወሬው ከውጭ የመጣ ስለሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ብለው አሰቡና፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በዚያ ብርድ ፍራሻቸውን ተሸክመው ወጡ። እኔም ወጥቻለሁ፤ ብርድ ልብስ ደርቤ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የጎረቤቴን ውሻ እያየሁ አነጋሁ። በማግሥቱ በግሩፑ ያለ አንድ የጂኦግራፊ መምህር፣ የመንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ለይቶ አስቀድሞ መናገር የሚችል ባለሙያ በዓለም ላይ እንደሌለ በትዕግሥት አስረዳን። እውነት ነው። ቢሆንም ያን ሌሊት መልእክቱን የላከውን ሰው «ከየት ሰማህ? የትኛው 2 ሰዓት ነው?» ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም፤ ይህን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው።

በአገራችን የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩን አውቃለሁ። አዋጁ ሐሰተኛ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሠራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል። የእኛን መቶ የማይሞሉ ሰዎች ፍራሽ ያሸከመው ግን ክፋት የሌለበት፣ «ወገኖቼን ላስጠንቅቅ» ያለ ደግ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሕግ አያስተምረውም፤ የሚያስተምረው ጠያቂ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በዚህ ዓመት መጀመሪያ በግሩፓችን ስለ ነዳጅ ዋጋ ጭማሪ የሚናገር የጋዜጣ ቁራጭ ፎቶግራፍ ተለጠፈ። ወረቀቱ የእናንተው፣ ፊደሉም የእናንተው ነበርና ማንም አልተጠራጠረም፤ ጋዜጣ ነዋ! ባጃጅ የሚነዱ ሁለት የግሩፑ ልጆች ሥራቸውን ትተው ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ያዙ፤ ወሬውን ለባልደረቦቻቸው ስለነገሩም ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። እኔ የፖስታ ቤት ሰው ስለሆንሁ ወረቀት ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ቀን ነው፤ በሥራ ዘመናችን የቀን ማኅተሙ ያልጠራ ደብዳቤ እንደ ተላከ አይቆጠርልንም ነበር። በቁራጩ ላይ ቀን አልነበረም። መነጽሬን አድርጌ ፎቶግራፉን ባጎላው ግን፣ በቀኝ ጠርዝ በኩል አብሮ የተቆረጠ የጨረታ ማስታወቂያ ግማሹ ይታያል፤ «...ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል» ይላል። ዜናው ሦስት ዓመት ያለፈው ነበር! ልጆቹን ደውዬ ከሰልፉ አስወጣኋቸው። አንደኛው አመሰገነኝ፤ ሁለተኛው ግን ተራው ሊደርስ ሲል በመደወሌ እስከ ዛሬ ቅር እንዳለው ነው።

ጋዜጣችሁ ቀኑን የሚያትመው በየገጹ አናት፣ በትንንሽ ፊደል ነው። ሰው ግን ዛሬ ገጹን ሙሉ አያነሣም፤ የፈለገውን ዜና ብቻ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይልካል፤ አናቱም ከነቀኑ ይቀራል። ስለዚህ የምጠይቀው በእያንዳንዱ ዜና መጨረሻ፣ ከዘጋቢው ስም አጠገብ፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን አንድ መስመር ጨምራችሁ እንድታትሙ ነው። የጨረታ ማስታወቂያ የሚያወጣው ሰው ቀኑንና ሰዓቱን ሳይረሳ የሚጽፈው ገንዘቡን ስለሚያስብ ነው፤ ለዜናውም ያንኑ ያህል ይታሰብለት። ወጪው ቢበዛ አንድ መስመር ቀለም ነው።

ይህን ደብዳቤ ለቦታ ጥበት ስትሉ ብታሳጥሩት አልቀየምም፤ ዶሮዋንም ብትሆን ማውጣት ትችላላችሁ። ግጥሞቹን ግን ወይ ሁለቱንም አትሟቸው ወይ ሁለቱንም ተዉአቸው፤ አንዷን ብቻ ብታወጡ ኮምቦልቻ መውረጃ አይኖረኝም። ከላይ የጻፍሁትንም ቀን አትቁረጡብኝ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አንዱ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቢልከው፣ የባቡሩ ሰው ያን ጊዜም ይጠብቅ እንደሆነ አንባቢው ማስላት ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ጡረተኛ የፖስታ ቤት ሠራተኛ
ከደሴ