ወፍ ዋሻ የመስከረም ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሰሜን ሸዋ የምታወጧቸውን የጉዞ ጽሑፎች ሳላነብ አላልፍም። ቅር የሚለኝ ግን አንድ ነገር አለ። ጽሑፉ የሚመጣው ሁልጊዜ በመስከረም ነው። አደይ አበባ፣ የአንኮበር ቤተ መንግሥት፣ ጣርማ በር ላይ አንድ ፎቶ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ። አንባቢም ያነበበውን ይከተላል። በወፍ ዋሻ ደን ጥግ ያሉት ትንንሽ መንደሮች እንግዳ የሚያዩት በዓል ሲሆን ነው። ያኔም ቢሆን እንግዳው አያድርም፤ ምሳውንም ከከተማ ይዞ ይመጣል።

ይህ መቀየር አለበት። ሰው በየወቅቱ ይምጣ፣ ይደር፣ ብሩንም እዚያው መንደር ውስጥ ያውጣ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። የወፍ ዋሻ ደን ከደብረ ሲና በላይ እስከ አንኮበር ድረስ በገደሉ ላይ ተዘርግቷል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ያለበት የጥንት ደን ነው። ወደ ላይ ሲወጡ አስታው ይጀምራል፣ ከዚያም ጅባራው። ጉሬዛው፣ ጭላዳውና ድኩላው ዛሬም እዚያው አሉ። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያለውን የመናገሻ ደን ሲያስተክሉ የጽዱ ዘር የሄደው ከወፍ ዋሻ እንደሆነ ይነገራል። የአዲስ አበባ ሰው መናገሻ ሱባን በክረምትም በበጋም ይሄድበታል። እናቲቱን ትቶ ልጇን ብቻ እንደመጠየቅ ነው።

ይህ ደን እዚህ የደረሰው በአጥር አይደለም። ዙሪያውን ያለው ገበሬ ብዙ ተሸክሞ ነው። ጭላዳና ዝንጀሮ ገብሱን ይበላበታል። በአዝመራ ጊዜ ልጆች ትምህርት እየቀሩ ማሳ ይጠብቃሉ። ጅብና ነብር በግ ይወስዳሉ። ሴቶች እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱት ወደው አይደለም፤ ጨውና ደብተር የሚገዛበት ሌላ ገንዘብ ስለሌለ ነው። ደኑን አትንኩ የሚላቸው ብዙ ነው። ደኑ ቆሞ ሲኖር እናንተም ትጠቀማላችሁ ብሎ በተግባር ያሳያቸው ግን ጥቂት ነው። እዚህ ላይ እንግዳ ቁም ነገር ይሠራል። መንገድ ለሚመራ ወጣት፣ በቅሎ ለሚያከራይ አባወራ፣ እራት ለምታቀርብ እናት የሚከፈል ብር ከአንድ ሸክም እንጨት ይበልጣል። ችግሩ እንግዳው በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ከመጣ በዚያ ላይ ኑሮ አይመሠረትም። በሐምሌ የተራበ ቤት እስከ መስከረም አይጠብቅም።

እንደሚቻል የሚያሳይ ቦታ ደግሞ እዚሁ ዞን ውስጥ አለን። የመንዝ ጓሳን ማለቴ ነው። ጓሳ ደን ሳይሆን የደጋ ሣር ምድር ነው፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የራሱ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። ስለዚህ ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨዳል። የከለለውም፣ የዳኘውም፣ ያስቀጣውም ራሱ ሕዝቡ ነው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ መሠረቱን አጣ። ሕዝቡ ግን ጨርሶ አልተወውም፤ በኋላ በማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራነት ታወቀ። ዛሬ ቀይ ቀበሮን እዚያ ማየት ይቻላል። የጭላዳው መንጋማ ሣር እየነጨ አጠገብዎ ድረስ ይመጣል። የእንግዳ ማረፊያም አለ፣ የማኅበረሰቡ ነው። ጓሳ ላይ የሠራው ነገር ወፍ ዋሻ ጥግ ባሉት ቀበሌዎች የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ወቅቶቹ ልምጣ። ጥቅምትና ኅዳር ለእግረኛ የተፈጠሩ ወራት ናቸው። ጭቃው ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል ሲያዩ ዓይን እስከ አፋር ሜዳ ይደርሳል። በጥቅምት ከሰሜን የሚሰደዱ ንስሮች በዚሁ ገደል ላይ ያልፋሉ። ወፍ ወዳድ ከሆኑ ስሟን ከአንኮበር ያገኘችውን ትንሿን ወፍ ይፈልጓት። ሳይንስ ያወቃት በቅርቡ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። ታኅሣሥ ውርጭ አለው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ጋቢ ብቻ አይበቃም፣ ወፍራም ጃኬት ያስፈልጋል። ግን ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የገብስ ቆሎ መቆርጠም የታኅሣሥ ጸጋ ነው። ከጥር እስከ የካቲት ለረጅም የእግር ጉዞና ለበቅሎ ይመቻል።

የሚረሳው በልግ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ደጋው ዝናብ ሲያገኝ ማሳው እንደገና ይለመልማል። አብዛኛው ሰው ያን ጊዜ በጾም ላይ ነው። እንግዳ ቢመጣ ሽሮው፣ ቅንጬውና በሶው አለ፤ ጥጋቡ አይጎድልም። አዲስ አበባ በሙቀት ስትታፈን እዚህ ጉሙ ከዛፍ ዛፍ ይዘዋወራል። ይህን ወቅት በአንድም የጉዞ ጽሑፍ ላይ አይቼው አላውቅም።

ክረምቱ ከባድ ነው፣ መሸፋፈን አልፈልግም። በሐምሌና በነሐሴ የገጠሩ መንገድ መኪና ይይዛል። ጉሙ ከወረደ ጣርማ በር ላይ ሾፌር የፊቱን አያይም። ገደላማውን መንገድ ያለ መሪ መሞከር አይገባም። ነገር ግን ከአስፋልቱ ብዙ ሳይርቁ፣ ቦቲ ጫማ ተጫምተው፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ደን ውስጥ መሄድ ይቻላል። ፏፏቴዎቹ ሙሉ የሚሆኑት ያኔ ነው። በመንዝ ደግሞ ሴቶቹ ቤት ውስጥ የበግ ፀጉር ሲፈትሉ ይገኛሉ። አጠገባቸው ተቀምጦ አንድ ከሰዓት ማሳለፍ፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ከሠሪው እጅ መግዛት፣ ይህም መዝናናት ነው።

ስለ ጸጥታው ዝም ማለት አልችልም። ጦርነትና ግጭት አካባቢያችንን ክፉኛ ጎድተውታል። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ ደርሶ ነበር። ማንም ሰው ከመነሳቱ በፊት እዚያ ላለ ሰው ደውሎ መንገዱን መጠየቅ አለበት። አይሆንም ካሉት ይቅር፣ ሌላ ጊዜ ይሂድ። እንግዳ የጠፋባቸውን መንደሮች ግን ጨርሶ አንርሳቸው።

ለሚመጣውም ሰው የምለው አለኝ። አንድ የጉዞ ቡድን ለካምፕ እሳት እርጥብ አስታ ሲቆርጥ በዓይኔ አይቻለሁ። አስታ በደጋ ብርድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። እዚያ አፋፍ ላይ ቅርንጫፍ ከመስበር ደረቅ ባሕር ዛፍ ከመንደሩ መግዛት ይቻላል፣ ገበሬውም ይሸጣል። ሙዚቃ ከፍ አድርጎ መክፈትም ይቅር። ለጭላዳ ብስኩት አይወርወር፤ የለመደ ጭላዳ ነገ የሚሄደው ወደ ገበሬው ማሳ ነው። ሽማግሌ ሲያልፉ ቆም ብሎ «እንደምን ዋሉ አባቴ» ማለት ደግሞ ወጪ የለውም። ከፎቶ በፊት ሰላምታ ይቅደም፣ ፈቃድም ይጠየቅ።

ዞኑና ወረዳዎቹም የሚያደርጉት አላቸው። እንግዳ አንድ ቦታ ከፍሎ ደረሰኝ ይያዝ። ከዚያ ላይ ለየቀበሌው ስንት እንደደረሰ በስብሰባ ፊት ይነገር። ሰው ልቡ የሚሸሸው የገንዘቡ መንገድ ሲሰወርበት ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ስለ አካባቢያችን ስትጽፉ በልግን ምረጡ። ከዕይታው ጋር የመንደሩን ስም አውጡ። የት እንደሚታደር፣ ለመሪና ለበቅሎ ስንት እንደሚከፈል፣ ብሩ ለማን እንደሚደርስ ጻፉ። ሪፖርተራችሁም ከደብረ ብርሃን ሆቴል ሳይሆን ከደኑ ጥግ አድሮ ይጻፈው። የሚያሳድረው ቤት አይጠፋም፤ ካስፈለገ እኔ ራሴ አፈላልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ደብረ ብርሃን