ለሚሚ፦ አራቱን ክፍሎች አፍርሻቸው

ሚሚዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የላክሽልኝን ንድፍ፣ ልጆች በጋሪ እየዞሩ አራቱን ወቅቶች የሚያዩበትን የመዝናኛ ፓርክ መጫወቻ፣ ደጋግሜ አየሁት። አባትሽም መነጽሩን አድርጎ ከጎኔ ተቀምጦ "ይሄ ባቡር ነው እንዴ?" እያለ ሲያስቸግረኝ ነበር። ያምራል። ጋሪዎቹ፣ ቀለሙ፣ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው ደመና፣ ሁሉም ቆንጆ ነው። ግን "እማ፣ ሳትደባብሺ ንገሪኝ" ብለሻል። ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ባትዪኝም ዝም አልልም ነበር።

አራቱን ክፍሎች አልወደድኳቸውም።

አንዱ አበባ፣ አንዱ ፀሐይና ባሕር ዳርቻ፣ አንዱ የሚረግፍ ቅጠል፣ የመጨረሻው በረዶ። ልጁ ጋሪው ላይ ይቀመጣል፣ አራት ሥዕል ያያል፣ ይወርዳል። በቃ። ቅጠሉ ለምን እንደረገፈ፣ ዝናቡ ከየት እንደመጣ የነገረው የለም። ወቅት ማለት አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው የሚከፈት ክፍል መስሎት ነው ቤቱ የሚገባው። ደግሞ እስቲ አስቢው፣ ይሄ የማን ወቅት ነው? የእኛ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። አሜሪካ ያለሽባት የኦርላንዶም አይደለም እኮ! እዚያ ከሄድሽ ወዲህ አንድም ቀን በረዶ ጣለ ብለሽኝ አታውቂም። የምትነግሪኝ ስለ ሙቀቱ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ድንገት ስለሚያወርደው ዶፍ ነው፣ ስለ መብረቁ ነው። ፓርኩ የሚመጣው የፍሎሪዳ ልጅ ከቤቱ ደጅ የሚያውቀው አንድ ረጅም ሞቃትና ዝናባማ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ደረቅና ለስለስ ያለ ጊዜ ነው። ከበረዶው ሥዕል ይልቅ ለእኛ ክረምትና በጋ ይቀርባል።

እኔ የምልሽ እንዲህ ነው። ወቅትን ፀሐይ ትጀምረዋለች፣ ተሸክሞ የሚያደርሰው ግን አየር ነው፣ አየር ደግሞ ይጓዛል። ያንቺም ጋሪ የሚጓዝ ነገር ነው። ታዲያ ጋሪውን አየሩ በሚሄድበት መንገድ ለምን አትልኪውም?

ጀርመን ውስጥ ብሬመርሃፈን የምትባል የወደብ ከተማ አለች። እዚያ በፈረንጆቹ 2009 የተከፈተ ክሊማሃውስ የሚባል ቦታ አለ፣ ካላየሽው ፈልጊና እዪው። ጎብኚው 8 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሰመረውን መስመር፣ ተከትሎ ዓለምን ይዞራል፤ ከስዊዘርላንድ ወደ ሰርዲኒያ፣ ወደ ኒጀር፣ ወደ ካሜሩን፣ እያለ አንታርክቲካን አልፎ በሳሞአና በአላስካ በኩል ይመለሳል። ኒጀር ሲደርስ ይሞቀዋል፣ አንታርክቲካ ሲደርስ ይበርደዋል። በእግር ነው እንጂ በጋሪ አይደለም። እኔን የገረመኝ ግን ሐሳቡ ነው፤ አንድ መስመር መርጠው እሱን ብቻ ተከተሉ። እነሱ በኬንትሮስ ሄዱ። አንቺ በኬክሮስ፣ በአግድሙ መስመር ሂጂ፣ ወደ ምዕራብ።

መነሻው እዚህ ይሁን፣ እኛ ጋ። ለአገሬ አድልቼ እንዳይመስልሽ። በክረምት ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከዳርፉር ተራሮችና ከእኛው ደጋ አካባቢ የአየር ሞገዶች ይነሳሉ። ሳህልን፣ ከሰሃራ በስተደቡብ ያለውን ደረቅ ምድር፣ አቋርጠው፣ በሴኔጋል በኩል ወጥተው፣ ኬፕ ቨርዴ ደሴቶች አጠገብ አትላንቲክ ላይ ይገባሉ። በዓመት ወደ 60 ገደማ ናቸው። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይጠፋሉ። ጥቂቶቹ ግን ሞቃት ባሕር ሲያገኙ ይጠነክራሉ፣ እናንተ ሃሪኬን የምትሉት ኃይለኛ አውሎ ነፋስ እሱ ነው። ከኃይለኞቹ የአትላንቲክ ሃሪኬኖች አብዛኞቹ ዘራቸው እነዚህ የአፍሪካ ሞገዶች ናቸው። የሃሪኬኑ ጊዜ ጫፍ የሚባለው ደግሞ መቼ መሰለሽ? እንደ ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ገደማ። የእኛ ጳጉሜ 5! እዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ዶሮና ቄጠማ ሲገዛ እናንተ ጋ ሰው ውሃና ባትሪ ይገዛል። አየሽ፣ ያንቺን ሁለት አገሮች የሚያገናኝ መስመር ሰማይ ላይ ተሰምሮ ነው ያለው፣ አንቺ ደግሞ ፈረንጅ የሳለውን አራት ሥዕል ይዘሽ ቁጭ ብለሻል።

አሁን ስለ መጀመሪያው ክፍል ልንገርሽ፣ እኔ ብዙ የማውቀው እሱን ነው።

ጋሪው ሲነሳ ሽቅብ ይውጣ። የእናንተ መጫወቻዎች ሁሉ መጀመሪያ ላይ ሽቅብ ነው የሚወጡት አይደል? ያንን ሽቅብ በከንቱ አታባክኚው። ጋሪው ራሱ አየር ይሁን። ከሕንድ ውቅያኖስና ከአትላንቲክ እርጥበት ተሸክሞ የመጣ፣ ከተራራ ጋር የተጋፈጠና ከመውጣት ሌላ መንገድ ያጣ አየር። ወደ ሸዋ ሮቢት የሄድንበትን መንገድ ታስታውሻለሽ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ታች በሸሚዝ የነበረው ተሳፋሪ ጣርማ በር ዋሻው ጋ ሲደርስ ጋቢ ፍለጋ ሻንጣ ይበረብራል፣ ከዚያ ያ ጭጋግ ይመጣል፣ ሹፌሩ መብራት ያበራል፣ ሴቶቹ "በስመ አብ" ይላሉ። ልጆቹ ይሄን በቆዳቸው ይስሙት። ጋሪው ሲወጣ አየሩ ቀስ እያለ ይቀዝቅዝ። አምስት ስድስት ዲግሪ ይበቃል፣ ትንሽ ነፋስ ከጨመርሽበት ብዙ ይመስላል። የሆነ ከፍታ ላይ ሲደርሱ፣ ቀድሞ አይደለም፣ እዚያው ላይ፣ ጭጋጉ ይጀምር። ደመና የሚጀምረው አየሩ እርጥበቱን መሸከም እስኪያቅተው ድረስ ሲቀዘቅዝ ነው። ይሄን በድምፅ ማጉያ አታስተምሪው። ልጁ "በረደኝ፣ ከዚያ ጭጋግ ሆነ" ካለ ተምሯል።

ከዚያ ዝናብ። ከዝናቡ በፊት ግን ሽታውን ልቀቂ። የመጀመሪያው ዝናብ አፈር ላይ ሲያርፍ የሚመጣውን ሽታ ታውቂዋለሽ፤ አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ጂኦስሚን የሚባል ነገር ነው፣ እናንተ ጋ የሽታ መርጫ ካለ እሱን አስገቢበት። የቆርቆሮ ጣሪያ ድምፅ ከፈለግሽ ሐምሌ ሲገባ እቀዳልሻለሁ፣ ከኢንተርኔት የሚወርደውን አትውሰጂ፣ የቆርቆሮ አይመስልም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አደራ። በግራ በኩል ጎንደር ሲዘንብ፣ በቀኝ በኩል በዚያው ቀን ቦረና ደረቅ ይሁን። እዚህ ዘመድ አዝማድ ሁሉ "ሐምሌ ማለት ዝናብ ነው" ይላል። ለቦረናና ለአብዛኛው የሶማሌ አርብቶ አደር ሐምሌ ደረቅ ወር ነው። የእነሱ ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል። ዝናቡን የሚያመጣው የደመና ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣና ወደ ደቡብ ሲወርድ በእነሱ ላይ ሁለቴ ያልፋል። ተማሪዎቼ ይሄን በካርታ ሳሳያቸው ያዛጉ ነበር። በግራና በቀኝ ጆሯቸው ቢሰሙት አያዛጉም።

መብረቁን በተመለከተ ንድፍሽ ላይ ብልጭታውና ድምፁ አብረው ነው የሚመጡት። ይለያዩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። መጀመሪያ ብልጭ ይበልና 9 ሰከንድ ዝም፣ ከዚያ ጉርርር። ቀጥሎ 6 ሰከንድ። ቀጥሎ 3። አንዱ ልጅ መቁጠር ከጀመረ ጋሪው ሙሉ ይቆጥራል፣ ማዕበሉ እየቀረባቸው እንደሆነም ማንም ሳይነግራቸው ይገባቸዋል። ፍሎሪዳ ደግሞ መብረቅ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ይሄ ቤታቸው የሚጠቅማቸው ነገር ነው።

ሳህልን ቶሎ እለፊው። አቧራ፣ ቢጫ ብርሃን፣ ደረቅ ነፋስ፣ በቃ። የሰሃራ አቧራ በእናንተ በጋ፣ በእኛ ክረምት፣ አትላንቲክን ተሻግሮ ፍሎሪዳ ድረስ ይደርሳል፣ እሱን ለማሳየት አንድ የቀለም ለውጥ ይበቃል።

ባሕሩ ላይ ግን ቆይ በዪ። ከልጆቹ እግር ሥር ሞቅ ይበል። የባሕሩ ውሃ ወደ 26.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካልሞቀ ሞገዱ ብዙውን ጊዜ ሃሪኬን አይሆንም። ስለዚህ ከጋሪው ጎን ለጎን የሚጓዙ ሌሎች ሞገዶች ይታዩ፣ አንዱ ይክሰም፣ ሌላውም ይክሰም። ሁሉም ደመና አደጋ አይደለም። የእነሱ ጋሪ ብቻ ቀስ ብሎ ወደ ግራ መዞር ይጀምር፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሃሪኬን የሚዞረው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነውና አደራ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ እንዳላይ።

እዚህ ላይ ከመምህርሽ ጋር ሳትጣዪ አትቀሪም። እሱ መጨረሻው ላይ ጣሪያ የሚገነጥል ነገር ይፈልጋል ብለሽኛል። እኔ አልፈልግም። በ2022 ኢያን የሚሉት ሃሪኬን ደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳን እንዴት እንዳደረገው በቴሌቪዥን አይተናል። ቤቱ የፈረሰበት ልጅ እዚያው ጋሪ ላይ ይቀመጣል እኮ፣ ትኬት ቆርጦ። የእኛን የ77 ድርቅ አንድ ሰው መጫወቻ ቢያደርገው ምን እንደምል ታውቂያለሽ። ሃሪኬኑ ከሩቅ፣ ከላይ ይታይ። ዓይኑን አሳያቸው፣ ትልቅነቱን አሳያቸው፣ ከዚያ ጋሪው አልፎት ይሂድ።

መጨረሻው ኦርላንዶ ይሁን፣ ተራ ከሰዓት በኋላ። የእናንተ ዶፍ የሚመጣው ከምሥራቅ የአትላንቲክ፣ ከምዕራብ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነፋስ ወደ መሬት ገብተው መሀል ላይ ሲጋጩ ነው አይደል? የተጋጨው አየር መሄጃ ስለሌለው ወደ ላይ ይወጣል፣ ልክ ጣርማ በር ላይ ተራራው እንዳደረገው። ከግራም ከቀኝም ትልልቅ ማራገቢያ አድርጊ። ሁለቱ ነፋስ ፊታቸው ላይ ይገናኝ። ጋሪው እንደገና ሽቅብ ይውጣ፣ እንደገና ይቀዝቅዝ፣ ጭጋጉ እንደገና ይምጣ። በዚህኛው ዙር ልጆቹ "አሁን ይዘንባል" ብለው ቀድመው ይጮሃሉ። ካልጮሁ ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ያኔ ጥፋቱ ከመጀመሪያው ክፍል ነው፣ እዚያ ፈልጊው።

ሌላው ቀላል ነው። ልጁ ቁልፍ የሚጫንበት፣ ጋሪው አንድ ደቂቃ የሚቆምበት ቦታ አስገብተሻል። ሒሳቡን ሥሪው እስቲ። ጋሪው 4 ሰው ከያዘና በየ12 ሰከንዱ አንድ ከተነሳ በሰዓት 1,200 ሰው ነው። ጉዞው 6 ደቂቃ ከሆነ መስመሩ ላይ 30 ጋሪ አለ። አንዱ ለአንድ ደቂቃ ሲቆም ከኋላው 5 ጋሪ ይቆለላል። ስለዚህ የሚነካካውን ነገር ሁሉ ወደ ሰልፉ አውጪው፣ ሰልፍ ላይ እንደሆነ ሥራ ፈት ነው የሚቆሙት። እዚያ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘነበለ ሉልና አንድ አምፖል አስቀምጪ። ከአጠገቡ ጥያቄ ይጻፍ፦ መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በየትኛው ወር ነው? ልጁም አባቱም "በሙቀቱ ወር" ይላሉ። መልሱ ጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፣ የእኛ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። በጁላይ መጀመሪያ ደግሞ 152 ሚሊዮን። ሉሉን እያዞሩ ለምን እንደሆነ ይከራከሩ፣ ጋሪው ላይ እስኪወጡ ጊዜ አላቸው።

አባትሽ አንድ ነገር ንገሪያት ብሎኛል፣ የጤና ሰው አይደል። ጭጋጉ የሚሠራበት ውሃ ሞቅ ያለና የቆመ ከሆነ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ሕዝብ ደግሞ ያንን ይተነፍሰዋል። ውሃው እንዴት እንደሚታከምና በየስንት ጊዜው እንደሚቀየር ንድፉ ላይ ይጻፍ ብሏል። ንድፍሽን የሚገመግሙት ዳኞችም ሳይጠይቁሽ አይቀሩም።

አዲሱን ስትልኪ ፋይሉን አሳንሺው፣ የባለፈውን ስልኬ እምቢ ብሎ በጎረቤት ኮምፒውተር ነው የከፈትነው። የቆርቆሮውን ድምፅ ስንት ደቂቃ እንደምትፈልጊም ጻፊልኝ።

እናትሽ