የበረራ ሰዓት ርቀትን በማካፈል ብቻ አይገኝም

ክቡር አዘጋጅ፣

በጉዞ ገጻችሁ በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት ማውጣታችሁ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው የሚፈልገው መረጃ ነው። የሰዓቱ አሰላል ግን አንባቢን ያሳስታል። ርቀቱ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ተካፍሎ፣ የተገኘው ቁጥር እንዳለ ይጻፋል።

ኒውዮርክና ለንደንን እንይ። በአየር 5,540 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በ900 ሲካፈል ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይመጣል። አየር መንገዶች ግን ወደ ለንደን ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ወደ ኒውዮርክ ደግሞ ስምንት ሰዓት ገደማ ይይዛሉ። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ መሄጃውና መመለሻው እኩል አይደለም።

ዋናው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ከኋላ ሲመጣ ይገፋል፣ ከፊት ሲመጣ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ይኸው ነፋስ ገፍቶት ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል። በማካፈል ይህን ማን ይገምታል?

መሬት ላይ የሚያልፈውም ጊዜ አለ። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከሚንቀሳቀስበት ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። በትልልቅ ኤርፖርቶች ወደ ማኮብኮቢያው ለመድረስና ተራ ለመጠበቅ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሊሄድ ይችላል።

መንገዱም ቢሆን ሁልጊዜ አጭሩ አይደለም። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ በሩሲያ ሰማይ ላይ ሲበረር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር የሚፈጀው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአየር ክልሉ ሲዘጋ ጉዞው ወደ 13 ሰዓት ተጠጋ። ካርታ ላይ ሁለቱ ከተሞች ቦታቸውን አልለቀቁም። ተጓዡ ግን ተጨማሪ ሦስት ሰዓት ከምናምን ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት በየከተማው አቆጣጠር የሚጻፍ መሆኑን ሲረሳ ነው። ከኒውዮርክ ማታ 2 ሰዓት ተነስቶ ለንደን ጠዋት 2 ሰዓት የሚገባ በረራ 12 ሰዓት የፈጀ ይመስላል። ለንደን አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ሰዓት ስለሚቀድም የበረረው ሰባት ሰዓት ነው።

ይህን የምጽፈው ቁጥር ለማረም ብቻ አይደለም። ሰው በእናንተ ቁጥር ተማምኖ የሚቀጥለውን በረራ ይቆርጣል። አንድ ሰዓት ሲጎድል ትራንዚቱ ያመልጠዋል፣ አዲስ ቲኬት ይገዛል፣ ኤርፖርት ያድራል። ትንንሽ ልጆች ወይም አቅመ ደካማ ወላጅ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህ ከባድ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይኸው ነው። ርቀቱን አሁን እንደምታደርጉት ጻፉ። ሰዓቱን ግን ከአየር መንገዶች ፕሮግራም ውሰዱ፤ መሄጃውንና መመለሻውንም ለየብቻ አስቀምጡ። የማያቋርጥ በረራ በሌለበት መስመር ደግሞ የትራንዚቱን ቆይታ ጨምሩበት። የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት ከጎኑ ቢጻፍ አንባቢ ቲኬቱን ራሱ ማመሳከር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ