የቶርፒዶ ፋብሪካው ደጃችን ላይ ነው

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜና እሁድ የት እንዋል ለሚል አንባቢ በብዛት የምታስነብቡት ስለ ምግብ ቤትና ስለ ኮንሰርት ነው። እኔም እጠቀምበታለሁ። አንድ ቦታ ግን ተረስቷል፦ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው የቶርፒዶ ፋብሪካ የሥነ ጥበብ ማዕከል። በዚህች ከተማ ይህን ያህል ሐበሻ እየኖረ፣ እዚያ ስሄድ አማርኛ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው። ይቆጨኛል።

ስሙ የምር ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግንባታውን የጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በቆመ ማግስት ነው። በሁለተኛው ጦርነት ሥራው ጦፈ፤ ውኃ ውስጥ እየተምዘገዘገ መርከብ የሚመታ ቶርፒዶ እዚህ ይመረት ነበር። አንዱ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው፣ ዛሬም መሬት ወለሉ ላይ ተጋድሞ ይታያል። ከጦርነቱ በኋላ ሕንፃው የመንግሥት ዕቃና ሰነድ ማከማቻ ሆነ። ከተማዋ በ1969 ገዛችው። ማሪያን ቫን ላንዲንግሃም የተባለች ሠዓሊ ለአርቲስቶች ይሰጥ ብላ ተሟገተች፤ በ1974 ተከፈተ። የዓመታት ጥራጊውን ያወጡት፣ ግድግዳውን የቀቡት ራሳቸው አርቲስቶቹ ናቸው።

አሁን ሦስት ፎቅ ሙሉ ስቱዲዮ ነው። ሠዓሊ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ጌጣጌጥ ሠሪ፣ የኅትመት ባለሙያ፣ ሁሉም በሩን ከፍቶ ይሠራል። መግቢያው በነፃ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከከተማዋ መሬት ተቆፍረው የወጡ ዕቃዎች የሚታዩበት ትንሽ ሙዚየም አለ፤ ልጆች ይወዱታል።

እኔን የማረከኝ ግን የተሰቀለው ሥዕል አይደለም፣ ሥራው ነው። ሴት ልጄ አንዲት ሸክላ ሠሪ በር ላይ ቆማ ቀረች። ሴትዮዋ እጇ ጭቃ እንደነካው ጠራቻትና የእቃው ከንፈር እንዴት እንደሚወጣ አሳየቻት። ልጄ ብዙ ጠየቀች። ከሁሉም የገረመኝ «ይኼ ሥራሽ ነው? በየቀኑ?» ያለችው ነው። ልጆቻችን ሐኪምና ኢንጂነር አይተዋል። ትልቅ ሰው ሥዕል ወይም ሸክላ ሥራዬ ብሎ ሲውል አላዩም። እኛም ቤት ውስጥ «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» እያልን ነው ያሳደግናቸው። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሮ በ2003 እዚሁ ዋሽንግተን እንዳረፈ ስንቱ ልጅ ያውቃል?

ሌላም ጉዳይ አለ። የዚህ ሕንፃ ዕጣ በየጊዜው ያከራክራል። መሬት ወለሉ ላይ ምግብ ቤትና ሱቅ ይግባ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ያውቃል። የጥገና ወጪው ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ግን በወንዙ ዳር ምግብ ቤት ሞልቷል፤ ሰው ሲሠራ ገብቶ የሚታይበት በር ግን ሌላ የለም። ወደ ሰሜን ትንሽ ሲኬድ ደግሞ በ2012 የተዘጋው የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ የነበረበት ቦታ አለ። እሱም ቦታ ለመኖሪያና ለንግድ ሊለወጥ ታቅዷል፤ የሥነ ጥበብ ሥፍራም ይኖረዋል ተብሏል። እኛም እዚህ ግብር እንከፍላለን፣ እንመርጣለን። ከተማዋ ብዙ ማስታወቂያዋን በአማርኛ ጭምር ታወጣለች። በየስብሰባው የእኛም ሰው ቢናገር ደስ ይለኛል።

ከእናንተ የምፈልገው ይኼን ነው። ጋዜጠኛ ልካችሁ ቦታውን አስተዋውቁ። ስቱዲዮ የሚገኘው ሥራን ለዳኞች አቅርቦ በመመረጥ ነው፤ የማመልከቻ ጊዜ ሲወጣ በአማርኛ አሳውቁን። በየአፓርትመንቱ ጓዳ ውስጥ የሚሥሉ፣ ማታ ከሥራ መልስ ሸራ የሚወጥሩ ወገኖቻችን አሉ። አንዳንዶቹን በግል አውቃቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ዕድል መኖሩን የነገራቸው የለም።

መሄድ ለሚፈልግ፦ መኪና ማቆሚያው ውድ ስለሆነ በሜትሮ ኪንግ ስትሪት መውረድ ይሻላል። ከዚያ ወንዙ ድረስ ነፃ አውቶቡስ አለ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ